የሁለተኛው መልእክተኛ ግኝትና የሥነ ሕይወት ትምህርት አቀራረብ

የሆርሞን ትምህርት በብዙ የክፍል ማስታወሻዎች ውስጥ የሚቀርበው በዝርዝር መልክ ነው። ዕጢው፣ ሆርሞኑና ተግባሩ በሦስት ዓምድ ይሰፍራሉ፤ ተማሪውም ያንኑ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። ሆርሞኑ ትእዛዙን ለሕዋሱ የሚያደርሰው በምን መንገድ እንደሆነ ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል። ይህን ጥያቄ አንሥተው መልስ ካስገኙት አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኧርል ሳዘርላንድ (እ.ኤ.አ. 1915–1974) ሲሆኑ፣ የምርምራቸው አካሄድ ለመምህራን ከውጤቱ ያላነሰ ጠቀሜታ አለው።

ፕሮፌሰር ሳዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1953 በክሊቭላንድ ከተማ በሚገኘው ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ትምህርት ክፍልን መምራት ጀመሩ። በዚያም ያጠኑት አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን ወደ ግሉኮስ እንዲለወጥ የሚያደርግበትን መንገድ ነበር። ለዚህ ለውጥ ዋናው ኤንዛይም ፎስፎሪሌዝ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሆርሞን የሚሠራው ባልፈረሰ ሕዋስ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሳዘርላንድና ባልደረባቸው ቴዎዶር ራል ግን በተፈጨ ጉበት ላይ አድሬናሊን ሲጨምሩ ኤንዛይሙ ለሥራ ተነቃቃ።

ቀጥሎም የተፈጨውን በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ፈሳሽና ዝቃጭ አድርገው ለዩት። ፎስፎሪሌዝ የሚገኝበት ፈሳሽ ብቻውን ለሆርሞኑ ምላሽ አልሰጠም። ዝቃጩን ከሆርሞኑና ከኤ.ቲ.ፒ. ጋር አቆይተው፣ አፍልተው፣ የተገኘውን ወደ ፈሳሹ ሲጨምሩ ግን ኤንዛይሙ እንደገና ነቃ። አብዛኛው ፕሮቲን ሲፈላ ስለሚበላሽ፣ መልእክቱን ያደረሰው ሙቀት የሚችል ሌላ ነገር መሆን ነበረበት። ይኸውም ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው አነስተኛ ሞለኪውል ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ አድሬናሊን ወደ ሕዋሱ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው አደኒሌት ሳይክሌዝ የተባለ ኤንዛይም ይህን «ሁለተኛ መልእክተኛ» ከኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል፤ ሌላ ኤንዛይም ደግሞ ያፈርሰዋል። ሚዛኑ ሲዛባ የሚደርሰው ጉዳት በኮሌራ ይታያል። የበሽታው መርዝ አደኒሌት ሳይክሌዝ ያለ ማቋረጥ እንዲሠራ ስለሚያደርግ፣ የአንጀት ሕዋሳት ውሃና ጨው አብዝተው ያፈስሳሉ።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1963 በናሽቪል ከተማ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በዚያም ለምርምር የበለጠ ጊዜ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህን ምርምር በሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ማቅረብ ይቻላል። መምህሩ ፈሳሹ ብቻውን ምላሽ እንዳልሰጠ ከገለጸ በኋላ ቆም ብሎ፣ «ቀጥሎ ምን ቢሞከር ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ዝቃጩ ያመለክታሉ። ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜው የሚገኘውም ከስም ዝርዝሩ ጥቂቱን በመቀነስ ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ይህን ሲወስኑ ፈተናውንም አብረው ማሻሻል ይኖርባቸዋል፤ ፈተናው ስም ብቻ እስከ ጠየቀ ድረስ ተማሪው ስም ብቻ ማጥናቱ አይቀርምና።