ከአፍ የወጣ ግጥም የማን ነው?

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአበው ተረት አንደበታችንን እንድንጠብቅ የተነገረ ምክር ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ተረት በአንድ ሙያ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ የሚሠራ ይመስላል፤ ይኸውም የአዝማሪ ሙያ ነው። ደራሲ ሐሳቡን በወረቀት፥ ሠዓሊም በሸራ ላይ ያኖራል። አዝማሪ ግን ግጥሙን በእንግዳው ፊት ፈጥሮ በዚያው በእንግዳው ፊት ይጨርሰዋል። ታዲያ ያ ግጥም ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን ንብረት ነው? ዛሬ ለአንባቢያን ልናቀርበው የወደድነው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ለማንሣት ከካዛንቺስ የሚሻል ስፍራ የሚገኝ አይመስለንም። ይህ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ ታሠራበት ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው። «ካዛ» በቋንቋቸው ቤት ማለት ስለሆነ የኢንቺስ ቤቶች በእኛ አፍ ካዛንቺስ ተባሉ። ለጸሐፊዎችና ለሹማምንት የታሰበው ሰፈር ከጊዜ በኋላ የታወቀው ግን በአዝማሪ ቤቶቹ ነው። ከነዚህም አንዱ ስሙ እስከ ውጭ አገር የተሰማው ፈንዲቃ ነበር። መላኩ በላይ የተባለው የውዝዋዜ ባለሙያ በዚሁ ቤት በእንግዶች ጉርሻ ብቻ እየተወዛወዘ ጀምሮ፥ በኋላ የቤቱ ባለቤት ለመሆን በቃና የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ይህም ቤት አብሮ ፈረሰ።

ቤት ቢፈርስ ሌላ ቤት ይሠራል። በነዚያ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት የተነገረው ግጥም ግን፥ ከሰሚው ትዝታ በቀር የሚገኘው በየሰው ስልክ ውስጥ በተቀዳው ምስልና ድምፅ ነው። ባለስልኩ የቀዳውን በኢንተርኔት ይለቀዋል፤ ተመልካች ይበዛለታል፤ ከተመልካቹ ብዛትም ገንዘብ የሚያገኝ አለ። አዝማሪው ግን በዚያ ምሽት ግንባሩ ላይ ከተለጠፈለት ብር ሌላ የሚደርሰው ነገር የለም።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1647 የአእምሮ ሥራን የፈጠረ ሰው በመፍጠሩ ብቻ በሥራው ላይ መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንብረት የሚዳሰሰው ብቻ ሳይሆን በሰው ጉልበትና የመፍጠር ችሎታ የተገኘው የማይዳሰሰውም ጭምር መሆኑን አስፍሯል። ከዚያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ።

ይህ ዐዋጅ የደራሲነትን መብት ለመስጠት ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው ሥራው ወጥ እንዲሆን ነው፤ ማለትም ከሌላ ሰው የተገለበጠ እንዳይሆን። ሁለተኛው ሥራው የተጻፈ፥ የተቀዳ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ እንዲሆን ነው። ማስመዝገብ የግድ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ የገቢው መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ የራሱ፥ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ይሆናል።

አዝማሪውን የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። በየምሽቱ የሚፈጥረው ግጥም ወጥ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም፤ እንዲያውም ለፊቱ እንግዳ ብቻ የተለካ ነውና ከዚህ የበለጠ ወጥ ሥራ አይገኝም። ነገር ግን ስላልተጻፈና ስላልተቀዳ በደራሲነት የሚጠይቅበት መሠረት የለውም። ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ያቀብላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ከራሱም ጨምሮ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ያቀበለውም የተቀበለውም በየድርሻቸው ደራሲዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ዜማው የተመሠረተባቸው ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን የሁላችን ሀብት በመሆናቸው ማንም ሰው የእኔ ብቻ ናቸው ሊል አይችልም።

እንግዲህ አዝማሪው ያለ መብት ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። ዐዋጁ በደራሲነት በር ያስቀረውን በሌላ በር ያስገባዋል። ይኸውም «ከዋኝ» በሚለው ስም ነው። ከዋኝ የሚዘፍነው፥ የሚጫወተው፥ የሚወዛወዘው ሰው ነው። ከዋኝ ያልተቀዳ ክዋኔውን ሌላ ሰው እንዳይቀዳውና በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን እንዳያሰራጨው የመከልከል፥ ወይም ዋጋ አስከፍሎ የመፍቀድ መብት አለው። ለግል ጥቅም ብቻ መጠቀም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ለራሱ ማስታወሻ የቀዳ እንግዳ አይወቀስም፤ ለዓለም ሊለቀው ወይም ሊነግድበት ያሰበ ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ስልኩን ስለያዘም የግጥሙ ደራሲ አይሆንም፤ ደራሲው የፈጠረው ነውና።

መቀዳት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ መመልከት ይበቃል። «የግሌ ትዝታ» የተባለው ሙዚቃው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሸክላ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስ እና ዴሚያን ማርሊ የተባሉት ዘፋኞች ከዚሁ ሙዚቃ ወስደው አዲስ ዘፈን ሲያወጡ፥ የተወሰደው ከማን እንደሆነ የሚያከራክር ነገር አልነበረም፤ ሸክላው ምስክር ነበርና። በዚያው ዘመን በካዛንቺስ የተነገረ የአንድ አዝማሪ ግጥም ዛሬ በባሕር ማዶ ቢዘፈን ግን ምስክሩ ማን ይሆናል?

በበኩላችን መድኃኒቱ ከበሽታው ብዙ የራቀ አይደለም እንላለን። የእንግዳው ስልክ ግጥሙን የሚወስድ ከሆነ የአዝማሪው ስልክ ሊያስቀርለት ይችላል። የምሽቱን ሥራ ራሱ እየቀዳ ቀኑንና ስፍራውን ቢያኖር፥ ሕጉ የሚጠይቀው ግዙፍነት ያለ ብዙ ወጪ ይሟላል። ሁለተኛም መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ በጽሑፍ ይዋዋል፤ በቃል የተደረገ ስምምነት እንደ ቃል ግጥሙ አፋፍ ነው። ሦስተኛም የ2007ቱ ማሻሻያ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ ሰብስበው ለባለመብቶቹ እንዲያከፋፍሉ መንገድ ስለከፈተ፥ አንድ መሰንቆ ይዞ በየሆቴሉና በየጣቢያው ሊከራከር የማይችለው ሰው በማኅበር ሊጠየቅለት ይገባል። ለክርክርም ቢደረስ፥ የ1996ቱ ዐዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ከአንድ ምሽት ሽልማት ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

የቀረው ፋንታ የእኛ የወጣቶቹ ነው። ሕግ ተምረን በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጥን፥ ገናም በትምህርት ላይ ያለን፥ ስለ መብት በስብሰባ ላይ ለመናገር እንፈጥናለን። ማታ በአዝማሪ ቤት ስንቀመጥ ግን ስልካችንን የምናነሣው ሳናስፈቅድ ነው። መብትን ማክበር ከፍርድ ቤት በፊት ከዚያ ወንበር ይጀምራል። «ወንድሜ፥ ብቀዳህና ብለቀው ትፈቅዳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፥ ከተፈቀደም ስሙን ጽፎ መልቀቅ፥ ከተገኘበትም ማካፈል ሦስቱም የጨዋ ሰው ተግባር ናቸው። አዲሱ ካዛንቺስ ረጃጅም ሕንፃ ይበዛበታል። መሰንቆ ተመልሶ ሲገባበት ባለመሰንቆው ከእንግድነት ይልቅ በባለመብትነት እንዲገባ እንመኛለን።