አንደበትን ስለ መግዛት

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ጸጋ አንዱ መናገር ነው። ሰው በአንደበቱ ይጸልያል፤ ያስተምራል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። በዚያው አንደበቱ ደግሞ ይዋሻል፤ ያማል፤ ወዳጅን ከወዳጅ ያለያያል። ስለዚህ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባው አንደበቱን ነው። እኔም ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለ ተማርሁ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ስለ ምላስ ሲያስተምር ሦስት ነገሮችን በምሳሌነት ያነሣል። እነዚህም የፈረስ ልጓም፣ የመርከብ መሪና እሳት ናቸው። ልጓም ትንሽ ሲሆን ትልቁን ፈረስ ይመልሳል። መሪም ትንሽ ሲሆን በነፋስ የሚነዳውን መርከብ ያዞራል። ትንሽ እሳትም ጫካውን ሁሉ ያቃጥላል። የሦስቱም ትርጓሜ አንድ ነው፤ ይኸውም የምላስ ትንሽነት አያታልለን ማለት ነው።

በአንደበት የሚሠራ ኃጢአት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስድብንና ውሸትን ነው። እነዚህስ በግልጽ ስለሚታወቁ ተናጋሪው ራሱ ያፍርባቸዋል። ከእነዚህ ይልቅ የሚያስቸግሩት ሐሜትና አሽሙር ናቸው። ሐሜት ሰውየው በሌለበት ስለሚነገር መልስ ለመስጠት አይችልም። ወሬው እውነት ቢሆን እንኳ ሐሜት ከመሆን አይድንም። አሽሙር ደግሞ ሰውየው ባለበት ስሙ ሳይጠራ የሚወረወር ነው። ቋንቋችን ሰምና ወርቅ ያለው በመሆኑ እንኮራለን፤ ነገር ግን ይኸው ጥበብ ለአሽሙረኛ መሸሸጊያ ይሆነዋል። «ምን አልሁ? ስሙን ጠራሁን?» ብሎ ያመልጣልና። ከሰው ፊት ቢያመልጥ ግን ከኅሊናው ፊት አያመልጥም።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለክፍላችን መዋጮ የተሰበሰበ ገንዘብ ጠፋ። ሁላችን ስንጨነቅ እኔ ከኋላ ወደ ተቀመጠ አንድ ልጅ ተመልክቼ «የሚያውቅ ያውቃል» አልሁ። የተናገርሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው። ልጁ ችግረኛ ስለ ነበረና በዚያው ሰሞን አዲስ ጫማ አድርጎ ስለ መጣ ሁሉም ነገሩን ተረዳው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አጠገቡ የሚቀመጥ ታጣ። እርሱም አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረ። በኋላ ገንዘቡ ሰብሳቢዋ ልጅ አስቀምጣ ከረሳችበት ከመጽሐፏ ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ጫማውንም የገዛለት ከገጠር የመጣ አጎቱ ነበረ።

እንቅልፍ ስላጣሁ ነገሩን ለእናቴ ነገርኋት፤ እርሷም ወደ ንስሓ አባታችን ወሰደችኝ። እኔ ጥቂት ስግደት የሚያዝዙኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ ይህን የተናገርኸው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «በክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቼ ፊት ነው አባቴ» አልኋቸው። «እንግዲያውስ እውነቱንም እዚያው ተናገር፤ ስግደቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አሉኝ። በማግስቱ ልጁ ባለበት በክፍሉ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርሁ። ክፉውን ቃል ለመናገር አንድ ትንፋሽ በቅቶኝ ነበር፤ ይቅርታውን ለመናገር ግን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ይቅር ብሎኛል። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ እርሱ ከክፍል ወጥቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለው እውነት ነው።

አንዳንድ ሰው ግን አንደበትን መግዛት ማለት ዝም ማለት ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረው አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ ድረስ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ ይዞ እንደ ኖረ ይነገራል። ይኸው አባት ሰዎች ሊፈትኑት መጥተው ትዕቢተኛና ሐሜተኛ ነህ ቢሉት በትሕትና ተቀበለ፤ መናፍቅ ነህ ባሉት ጊዜ ግን አይደለሁም ብሎ መለሰ። ጌታችንም በሄሮድስ ፊት ለቀረበለት ጥያቄ ምንም አልመለሰም፤ በሊቀ ካህናቱ ፊት በተመታ ጊዜ ግን የመታውን ሰው ስለ ምን እንደ መታው ጠይቆታል። ልጓምም የተሠራው ፈረሱን ለማቆም ብቻ ሳይሆን ወደሚገባው መንገድ ለመምራት ጭምር ነው። በእኛም ክፍል ጫማውን ማን እንደ ገዛው የሚያውቁ ሁለት የልጁ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ዝም አሉ። ያ ዝምታ ወርቅ አልነበረም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ የተሰጠ ሥርዓት አለ። ይኸውም የበደለንን ሰው አስቀድመን ለብቻው እንድንነግረው፤ ባይሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንድንሄድ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን እንድንነግር ነው። እኛ ግን ሥርዓቱን ገልብጠን አስቀድመን ለሁሉ እናወራለን፤ ለባለቤቱ ግን ከቶ አንነግረውም። ዛሬማ በእጅ ስልክ የሚላከው ቃል ላኪው ቢሰርዘው እንኳ ሌላው አስቀድሞ ያስተላልፈዋል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ምሳሌ ለጣትም ይሠራል። እንደዚሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተከልክለን የሰው ሥጋ በሐሜት ብንበላ የጾመው ሆዳችን ብቻ ነው።

ውድ ጓደኞቼ! እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን ጨርሰን በየአቅጣጫው የምንበታተንበት ቀን ቀርቧል። መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቱ እንመልሳለን፤ የተናገርነውን ቃል ግን መልሰን ልንወስደው አንችልም። ስለዚህ በክፉ ቃል ያሳዘንነው ጓደኛ ካለ ሳንለያይ እንፈልገው። የተናገርነው በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውንም በሰው ፊት እንበለው። እግዚአብሔር ዝም የምንልበትንም የምንናገርበትንም ጊዜ የምንለይበት ማስተዋል ይስጠን።