በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ሕፃናት በእጃቸው እየሠሩ ሳይንስ እንዲማሩ ስለ ማድረግ፤ ለእርሻም ስለሚሰጠው ጥቅም

የአገር ሀብት ከመሬት ይገኛል፤ የመሬትም ፍሬ የሚበዛው በሚያርሳት ሰው ክንድና በዕውቀቱ ነው። ክንድ ያለ ዕውቀት ቢደክም ወዙ ብዙ፣ ጎተራው ግን ጥቂት ይሆናል። ዕውቀትም በመስማት ብቻ አይጸናም። ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል ይባላል፤ ከማየትም ይልቅ በገዛ እጅ ሠርቶ መፈተን ይበልጣል። ስለዚህ የሕፃናት የሳይንስ ሙከራ የጨዋታ ነገር መስሎ ቢታይም፣ አውራጃን የሚያስተዳድር ሹምና ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የወለጋ ምድር ቡናን፣ በቆሎን፣ ጤፍን፣ ኑግንና ዳጉሳን የሚያበቅል ነው። ዝናቡም ብዙ ነው፤ በብዙ ስፍራ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ነገር ግን ይህ የዝናብ በረከት ጉዳትም አለበት። ውሃው በየዓመቱ ወደ ታች ሲሰርግ አፈሩን የሚያለዝበውን ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባለውን ማዕድን አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩም እየኮመጠጠ ይሄዳል። አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የአዝመራውን ሥር ይመርዛል፤ ፎስፎረስ የተባለውንም ምግብ አፈሩ አስሮ ይይዝበታል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም አዝመራው ቢጫ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በነጆና በአካባቢው ይህ ችግር ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በመነ ሲቡና በዙሪያው ደግሞ ምስጥ አዝመራውን፣ የግጦሹን ሣርና የቤቱን ምሰሶ ይበላል። የቡናው ፍሬ በሽታም በ1963 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ የምዕራቡን ቡና ሲጎዳ ኖሯል።

እነዚህ ሁሉ በዐይን የማይታይ ምክንያት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ነገሩን ከዕድል ይቆጥረዋል፤ ምክንያቱን በሕፃንነቱ በእጁ የፈተነ ግን መድኃኒቱን ይፈልጋል።

ወለጋ ለትምህርት እንግዳ አይደለችም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ ካሳተመ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1923 ዓ.ም. በዚያው ሲያስተምር ኖሯል። የሥራ ባልንጀራው አስቴር ጋኖም ከእርሱ ጋር ሆና አስተምራለች። ሁለቱም ሕፃን በእናቱ ቋንቋ ሲማር ፈጥኖ እንደሚያስተውል በሥራቸው አሳይተዋል። በዘመናችንም በ1999 ዓ.ም. የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ተመሠረተ፤ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ አለው። በደምቢ ዶሎም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። በ1985 ዓ.ም. የወጣውና በገበሬው ዘንድ እጅግ የታወቀው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከባኮ ነው።

በቅርብ ዓመታት በብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ስቴም የሚባሉ ማዕከሎች ተከፍተዋል። በእነዚህ ማዕከሎች የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቅዳሜና በእሑድ፣ በክረምትም የዕረፍት ወራት እየመጡ በቤተ ሙከራ ውስጥ በእጃቸው ይሠራሉ። ሥራው ያማረ ነው፤ ሆኖም ከከተማ ርቆ የሚኖረው የገበሬ ልጅ ወደ ማዕከሉ ለመድረስ መንገዱም ወጪውም ይከብደዋል። ስለዚህ ልጁ ወደ ቤተ ሙከራው መሄድ ባይችል፣ ሙከራው ወደ ልጁ መምጣት ይገባዋል።

ይህም በሌላ አገር ተሠርቶ የታየ ነው። በአሜሪካ አገር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የተባለው ጥቁር ሊቅ በቱስኬጊ ትምህርት ቤት ሳለ፣ በ1898 ዓ.ም. በእንስሳት የሚሳብ ሠረገላ ተዘጋጅቶ የእርሻ መሣሪያና ዘር ተጭኖበት፣ ወደ ድኃው ገበሬ መንደር እየሄደ ትምህርት ይሰጥበት ጀመር። ከዚያም አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር 1894 ዓ.ም.፣ በኦሃዮ አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ 30 የሚያህሉ ልጆችን በፍርድ ቤት ምድር ቤት ሰብስቦ የእርሻ ክበብ አቋቋመ። ልጆቹም የየአባቶቻቸውን አፈር ሊትመስ በተባለ ወረቀት መርምረው ኮምጣጣ መሆን አለመሆኑን ለዩ፤ የተመረጠ የበቆሎ ዘርም ዘርተው ምርቱን አነጻጸሩ። ከእንዲህ ያለው ትንሽ ጅማሬ በዓለም ብዙ አገሮች የታወቀው የወጣቶች የእርሻ ማኅበር ተወለደ። የጀመረው በትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ በአንድ ባዶ ክፍል፣ በጥቂት ወረቀትና በአንድ ሰው ትጋት ነበር።

ለወለጋ ከተሞችና ቀበሌዎች የሚስማሙ፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቁ ሙከራዎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ የአፈር ሙከራ። ቀይ ጥቅል ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲጠለል ሐምራዊ ይሆናል። ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፤ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ልጁ በዚህ ኮምጣጣ ማለት ምን እንደሆነ በዐይኑ ያያል። ከዚያም ከየቤቱ ያመጣውን አፈር በንጹሕ የዝናብ ውሃ በጥብጦ በመለኪያ ወረቀት ይመረምራል። ኮምጣጣ ሆኖ የተገኘውን አፈር በሁለት ማሰሮ ይከፍልና አንዱን በደቀቀ የእርሻ ኖራ ለውሶ፣ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ኖራው ከአፈሩ እስኪዋሐድ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በሁለቱም ባቄላ ይዘራል፤ በየሳምንቱም ቁመቱን በማስመሪያ እየለካ ይጽፋል። የኖራ ብናኝ ዐይን ስለሚጎዳ የመለወሱን ሥራ መምህሩ ይሥራው።

2ኛ፤ የዘር ሙከራ። 100 ፍሬ ዘር ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከሳምንት በኋላ የበቀለው ይቆጠራል። 95 ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው፤ 60 ብቻ ከበቀለ ግን ገበሬው ማሳውን ከማልበሱ በፊት ሊያውቀው ይገባል። እንደዚሁም ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ በቆሎና ካለፈው ዓመት ዲቃላ የተቀመጠ ዘር ጎን ለጎን ቢዘሩ፣ ሁለተኛው ትውልድ ኃይሉ እንደሚደክም ልጁ ራሱ ያያል፤ አባቱም ከልጁ ይማራል።

3ኛ፤ የዝናብ ልክ። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ በገላጣ ስፍራ ይቆማል፤ በየማለዳው ውስጡ ያለው ውሃ በማስመሪያ ይለካል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ጊዜ በአንድ ሄክታር ላይ 100,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ይህን ያሰላ ልጅ፣ እርከን የሌለው ተዳፋት ለምን እንደሚታጠብ ሌላ አስረጂ አያሻውም።

4ኛ፤ የምስጥ ሙከራ። ልካቸው እኩል የሆነ የባሕር ዛፍ፣ የጥድና የበቆሎ አገዳ ቁራጭ ተመዝኖ ይቀበራል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወጥቶ እንደገና ይመዘናል። ይኸው ነገር ሣር ባለበት መሬትና ከብት በጨረሰው ራቁት መሬት ላይ ሲደረግ፣ ምስጥ ደረቅ ሣር ባጣበት ስፍራ ወደ አዝመራው እንዴት እንደሚዞር ለመመርመር ይረዳል።

5ኛ፤ የቡና ሙከራ። በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ወገን ልጆች ከአንድ ዛፍ 100 ያልበሰለ ፍሬ እያዩ ጥቁርና የጎደጎደ ነጥብ ያለበትን ይቆጥራሉ፤ በአጉሊ መነጽርም ይመለከቱታል። በሽታው እርግማን ሳይሆን በዝናብ ጠብታ የሚዛመት ሻጋታ መሆኑን ይረዳሉ።

ይህ ሥራ በሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው፣ እንግዳው ሠርቶ ልጁ ተመልካች ሲሆን ነው። በዓሉ ያምራል፤ ጭስ ይጨሳል፣ ቀለም ይለወጣል፣ ይጨበጨባል፤ በማግስቱ ግን በልጁ እጅ የቀረ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ሥራው ለአንድ ቀን ብቻ ሲሆን ነው፤ ባቄላ በአንድ ቀን አያድግም፤ ዝናብም በበዓል ቀን ብቻ አይዘንብም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ የልጁ ቁጥር ትልቁን ሰው ደስ ሳያሰኝ ሲቀር ነው። ልጆች የታደለውን ዘር ፈትነው ከ100 የበቀለው 55 ነው ብለው ቢጽፉ፣ ቁጥሩ ይስተካከል የሚል ትእዛዝ ከሹም የወጣ እንደ ሆነ፣ ልጁ በዚያ ቀን የሚማረው ሳይንስን ሳይሆን ሐሰትን ነው። ሹሙም ገበሬውን ከጉዳት የሚያድንበትን ዜና በገዛ እጁ አጠፋ። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ ይመዝገብ፤ ጥርጥር ካለ ሙከራው ይደገም እንጂ አይፋቅ።

በወለጋ ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ምክንያት በብዙ ስፍራ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ዓመታት ያለፉት ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ፊደል ለመቁጠር ያፍራል። አፈር ለመመርመር፣ ዝናብ ለመለካት፣ ዘር ለመቁጠር ግን አያፍርም፤ በእርሻ ያሳለፈው ጊዜ በዚህ ሥራ ከጓደኞቹ ሊያስቀድመው ይችላልና። እንዲህ ያለው ቀን የራቀውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ የሚመልስ መንገድ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚፈለገው ነገር ከባድ አይደለም። ለየትምህርት ቤቱ ለሙከራ የሚሆን ጥቂት መሬት ከልሎ መስጠት፤ ያንንም መሬት ለሌላ ጉዳይ አለመውሰድ፤ የእርሻ ሠራተኛው በወር አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲሄድ ማዘዝ፤ ከዩኒቨርሲቲዎቹና ከባኮ መምህራንን መጋበዝ፤ ትምህርቱ ልጆቹ በሚናገሩት በኦሮምኛ እንዲሰጥ ማድረግ፤ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የሚላኩት ሴቶች ልጆች በዚያ ቀን ከሥራ እንዲያርፉ ወላጆችን መምከር፤ ልጆቹ የጻፉትንም መዝገብ በመኸር ጊዜ በገበሬው ጉባኤ ፊት ራሳቸው እንዲያነቡ መፍቀድ ነው።

ሹም ቢሻር፣ ባለጸጋ ቢያልፍ፣ መሬቱና ልጁ ይቀራሉ። ዛሬ በአንድ ማሰሮ ኖራ የለወሰ ሕፃን ነገ ማሳ የሚያድን ገበሬ ይሆናል። ይህን ዘር የዘራ ሹም መከሩን በዘመኑ ባያየውም፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው በጎተራው ያገኘዋል።