ኮርስ መርጦ የማያውቅ ተማሪ ኮርስ ሲመርጥ

እኛ ሁለተኛ ዓመት ደርሰን እንኳ አብዛኞቻችን ኮርስ መርጠን አናውቅም። ሴሚስተር ሲከፈት ዲፓርትመንቱ ዝርዝሩን ይለጥፋል፤ እኛም እሱን ገልብጠን እንመዘገባለን። ታላቅ እህቴም በዚሁ ልማድ ነው የተማረችው። በ2014 ዓ.ም. በዲቪ አሜሪካ ሄዳ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልትመዘገብ ስትል ግን «ምን ምን ኮርስ ትወስጃለሽ?» ተባለች። ግራ ሲገባት ለእኔ ደወለች።

እኔም አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የማላውቀውን መከርኩ። «እንግሊዝኛማ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርሽበት ነው። ቋንቋ እማራለሁ ብለሽ ጊዜሽን አታባክኚ፣ በቀጥታ ወደ ነርሲንጉ ሂጂ» አልኳት። ኮሌጁ በቋንቋ ኮርስ እንድትጀምር ቢመክራትም የሰማችው እኔን ነው። ባዮሎጂና ሳይኮሎጂን ጨምሮ አራት ኮርስ ያዘች፤ ሙሉ ሰዓትም ትሠራ ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በሁለቱ ኮርሶች ኤፍ አገኘች። ያን ምክር ዛሬ ብጠየቅ እንዴት እንደምሰጥ ነው እዚህ የምጽፈው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሜሪካ የሁለት ዓመት ዲግሪና የሙያ ሰርተፊኬት የሚሰጥ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር ተቋም ነው። በቀደምትነት የሚጠቀሰው በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1901 የተጀመረው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እንደ እኛ አገር መግቢያው ላይ የሚያበጥር ፈተና የለም። ማበጠሪያው ያለው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ራሱን በሦስት ሚዛን መመዘን አለበት።

የመጀመሪያው ሚዛን ቋንቋ ነው። ጂም ከሚንስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው የመንገድ ወሬ ቋንቋና የክፍል ቋንቋ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሁለት ዓመት ገደማ ሊለመድ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የእኛ ሰው ችግር ብዙ ጊዜ ሌላ መልክ አለው። ሀንድአውት አንብቦ ይረዳል፣ መምህሩ ፈጠን ብሎ ሲናገር ግን ይጠፋበታል። እህቴ «ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይገባኛል፣ የሚያስቃቸው ግን አይገባኝም» ትለኝ ነበር። የምደባ ፈተና ካለ ተዘጋጅቶ መቀመጥ እንጂ በግምት ማጥቆር ራስን ማታለል ነው።

ይህ ማለት ግን የቋንቋ ኮርስ ለዓመታት ይደርደር ማለት አይደለም። የመንግሥት ድጎማ የሆነው ፔል ግራንት በዕድሜ ዘመን ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር አይበልጥም፤ በቋንቋ ትምህርት ያለቀው ሴሚስተርም ከዚያው ሊቀነስ ይችላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ የቋንቋ ተማሪውን በሦስት ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለሚቀበለው የእንግሊዝኛ ኮርስ የማብቃት ዕድሉን እንዲያሰፉ አዛለች። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ አይቤስት በሚባለው ፕሮግራም የሙያ መምህሩና የቋንቋ መምህሩ አብረው አንድ ክፍል ያስተምራሉ። «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ሰዓት ነው። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጪ እንደሚፈልግ ይታሰባል። 12 ክሬዲት ማለት እንግዲህ 36 ሰዓት ነው። እህቴ በዚህ ላይ 40 ሰዓት ትሠራለች፤ ድምሩ 76 ነው! መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ለሚያነቡ ደግሞ ሁለቱ ሰዓት አራት ይሆናል። ይህን ቀላል ሂሳብ ሳልሠራ ነው ምክር የሰጠሁት።

ሦስተኛው ሚዛን ግብ ነው። የተወሰደ ኮርስ ሁሉ ለዲግሪው አይቆጠርም። አማካሪው ዘንድ ገብቶ «ይህ ለሰርተፊኬቱ ይቆጠርልኛል? ዩኒቨርሲቲስ ይቀበለኛል?» ማለት ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚያዋጣው ማቀላቀል ነው። ከቋንቋ ኮርስ ጎን እንደ ሂሳብ ያለ ከአገር ቤት የሚያውቁትን መያዝ፣ ገጽ በገጽ የሚነበበውን ታሪክና ሶሲዮሎጂ ለጊዜው ማቆየት።

ከተመዘገቡ በኋላስ? ሲለበሱን በመጀመሪያው ሳምንት ማንበብ፣ ኮርስ የሚጣልበትን የመጨረሻ ቀን ማስታወሻ ላይ ማስፈር። በጊዜው የተጣለ ኮርስ ኤፍ አይሆንም። ደጋግሞ መጣልም መውደቅም ግን የገንዘብ ድጋፉን ያሳጣል፣ ስለዚህ ከመጣል በፊት ማማከር ነው። እኛ አገር አስተማሪ ቢሮ የሚኬደው ውጤት ሲበላሽ ነው፤ እዚያ ግን መምህሩ ለተማሪ ብሎ የለየው ሰዓት አለ። ዝምታም እንደ ጨዋነት አይታይም፤ በብዙ ክፍሎች ተሳትፎ ነጥብ አለው። ለቃላት ደግሞ አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው። በትምህርት መጻሕፍት የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ይዟል። በቀን አምስት ቢያዝ አራት ወር እንኳ አይፈጅም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው እህቴም የፈሰሰውን ለቀመች። በሚቀጥለው ሴሚስተር የሥራ ሰዓቷን ቀንሳ ሁለት ኮርስ ብቻ ያዘች፤ የቋንቋ ኮርስና ሂሳብ። ሁለቱንም አለፈች። የወደቀችበትን ባዮሎጂ የደገመችው ከዓመት በኋላ ነው።

ከእኛ መካከል ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ነገ አንዱ ደውሎ «ምን ልማር?» ቢላችሁ የሙያ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መምህሩ ሲናገር ምን ያህሉ ይገባሃል? በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራለህ? አማካሪህስ ምን አለህ? እኔ አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር።