ወፍ ያወዳጃቸው



ዛሬ ማለዳ ከቤታችሁ ስትወጡ የትኛውን ወፍ አያችሁ? ይህን ጥያቄ ባለፈው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አቅርቤላቸው ነበር። አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ እጁን አወጣና «ወፍ አየሁ፣ ቲቸር» አለኝ። «ምን ዓይነት ወፍ?» ብለው፣ «ወፍ ነዋ!» ሲል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አወካ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ልጁ አላወቀም እንጂ፣ ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የጀመረው እንደ ዋዛ ነው። በአንድ የክረምት ሥልጠና ላይ የተዋወቅን መምህራን የቴሌግራም ቡድን ነበረን። ሥልጠናው አለቀ፤ ቡድኑም ሊከስም ተቃርቦ ነበር። አንድ ቀን የጅማው ባልደረባችን በሰፈሩ መስጊድ ጣራ ላይ የተቀመጠች አንዲት ግራጫ ርግብ ፎቶ አንስቶ ላከና «አንገቷ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ለማግኘት ሁላችንም ተሯሯጥን። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው አንዱ አንድ ነገር ይልካል። የጓደኛ ጓደኛ እየተጨመረ ዛሬ አሥራ አራት ደርሰናል። ከእነዚህ መካከል በአካል የተገናኘነው ከአራት አንበልጥም። ሌሎቻችንን ያስተዋወቀን ወፍ ነው ማለት ይቻላል።

ያቺ ርግብ ማን ነበረች?

እዚህ ደሴ በየጣራው፣ በየሚናራው ላይ ተሰልፋ የምናያት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ግራጫ ርግብ በተፈጥሮ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች ብቻ ነው። ከሌላ ዓለም ሰዎች እርሷን ለማየት ብለው የአውሮፕላን ትኬት ይገዛሉ፤ እኛ ግን ጣራ ታቆሽሻለች ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። ጎህ ሲቀድ በመንጋ እየጮኸ በላያችን የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ረዥምና ጎባጣ የሆነው፣ ከጉሮሮው ሥር ቁራጭ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ወፍም እንደዚሁ የእነዚህ ሁለት አገሮች ደጋ ልጅ ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መታየታቸው ተመዝግቧል። እኔ አሥር እንኳ በስም መጥራት አልችልም ነበር።

እንግዶችም አሉ። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው፣ በመስከረም አካባቢ መጥታ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የምትደረደረው ትንሽ ወፍ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽታ የምትመጣ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። በረሃና ባሕር አቋርጣ መምጣቷን ያወቀ ሰው ሽቦው ላይ ሲያያት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

ለማወቅ የሚረዱ መሣሪያዎች

ይህን ሁሉ የተማርነው ያለ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም «መርሊን» የተባለ ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለው። የወፉን መጠን፣ ቀለምና ያለበትን ቦታ ሲነግሩት ወይም ፎቶ ሲያሳዩት ሊሆን የሚችለውን ይጠቁማል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ድምፅ ሰምቶ መለየት ጀምሯል። ይሳሳታልና ቃሉን እንደ ፍርድ መውሰድ አይገባም። ይኸው ተቋም ከሌላ የአሜሪካ ድርጅት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2002 «ኢበርድ» የተባለ መዝገብ ከፍቷል። ማንም ሰው ያየውን ወፍ ዓይነትና ብዛት፣ ቀኑንና ቦታውን ይጽፍበታል፤ ሳይንቲስቶችም የወፎችን ጉዞና መመናመን ይከታተሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረና ከ2013 ወዲህ ዓለምን በሙሉ ያቀፈ ዓመታዊ ቆጠራም አለ። በእኛ የካቲት ወር ውስጥ በሚውሉ አራት ቀናት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ባሉበት ቦታ ሆኖ ያዩትን መቁጠር ነው። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተካፍሏል። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ዘጠኝ ዓይነት ቆጠርኩ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለችው ያቺ ሩብ ሰዓት ለእኔ ከሻይ ትጣፍጣለች።

ሁለቱ መስኮቶች

ከቡድናችን አባላት አንዱ በሚኒያፖሊስ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነው። በረዶው ሲከብድ በረንዳው ላይ የሱፍ አበባ ፍሬ ያስቀምጣል። ወደ ሙቅ አገር የማትሰደድ አንዲት ቀይ ወፍ ትመጣና ነጩ በረዶ ላይ እንደ ፍም ትታያለች። «ሌሊቱን በሙሉ ሰው አሳፍሬ ስመለስ የምትጠብቀኝ እሷ ናት» ብሎ ጽፎልን ያውቃል።

ሌላዋ በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ናት። ከክፍሏ መስኮት ውጪ፣ በአየር ማቀዝቀዣው ላይ አንዲት ዋኖስ ጎጆ ሠራች። ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሳቅ የሚመስለው ይህች ዋኖስ በእኛም አገር በብዛት አለች። እህታችንም «የአገሬ ልጅ መጥታ ተጠግታኛለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ በየማታው አንዲት መስመር ትልክልን ጀመር፦ ሁለት እንቁላል ጣለች፤ ዛሬ ወንዱ ተክቷት ታቀፈ፤ ሁለት ሳምንት ሲጠጋ ደግሞ አንዱ ተፈለፈለ። አሥራ አራታችንም የዚያች መስኮት ቤተሰብ ሆንን።

አንድ ሳምንት ግን ወሬዋ ተቋረጠ። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልን። በሦስተኛው ቀን የሚኒያፖሊሱ ወንድማችን «ጫጩቶቹ የሚበሩበት ሰሞን ነው፤ ይህን ሳትነግረን አትቀርም ነበር» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነበር። በአዳማ የምትኖር አባላችን የእናቷን ስልክ ታውቅ ኖሮ ደወለች፤ እናትየዋም በሪያድ ያለች ዘመዳቸውን ላኩ። ለካስ እህታችን በኃይለኛ ትኩሳት ተኝታ ኖሯል፤ ስልኳም ባትሪው አልቆ ተዘግቷል። ዘመዷ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ከተመለሰች በኋላ የላከችልን ፎቶ ባዶ ጎጆ ነበር። ከሥሩ «ሳልሰናበታቸው በረሩ። እናንተ ግን አላችሁ» የሚል ጽሑፍ ነበረው።

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ነገር ጨዋታ ብዬ አላውቅም። ሰው ችግሩን ለሩቅ ወዳጅ አይናገርም፤ ያፍራል፤ አላስቸግርም ይላል። ትንሿን ደስታውን ግን ይናገራል። ደስታውን በየቀኑ የሰማ ወዳጅ ዝምታውንም ይሰማል።

የእኔ ጥፋት

ይህን ስል ራሴን ነፃ አድርጌ አይደለም። አንድ ማለዳ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ስለ አንዲት ወፍ ለቡድኑ ስጽፍ የስድስት ዓመት ልጄ ልብሴን ጎተተችኝ። «ቆይ» አልኳት። ደግማ ጎተተችኝ፤ አሁንም «ቆይ» አልኳት። ጨርሼ ቀና ስል ሄዳለች። ኋላ እናቷ እንደነገረችኝ፣ በጓሯችን ጽጌረዳ ላይ የምታብለጨልጭ ትንሽ ወፍ አይታ ልታሳየኝ ነበር። ለአሥራ ሦስት የሩቅ ሰው የማሳየውን ለቤቴ ልጅ ነፈግኋት። አሁን ሕጋችን ተለውጧል፦ መጀመሪያ ከእሷ ጋር እናያለን፣ ስሙን እናወጣለን፤ ስልኩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይህ ጊዜ ማባከን አይደለምን?»

የመድረሳችን አንድ አዛውንት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ሶላትን ወይም የቤት ኃላፊነትን የሚያስረሳ ከሆነ ወፍም ቢሆን ኪሳራ ነው። ነገር ግን እኔ ያስታወስኳቸው እርሳቸው ራሳቸው በልጅነቴ ያስተማሩኝን የአቡ ዑመይርን ታሪክ ነው። የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም የነበረው ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት አዝኖ ሳለ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን ሁሉ ኃላፊነት ተሸክመው እንኳ በአክብሮት ስም ጠርተው ስለ ወፏ ጠየቁት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አዛውንቱ ፈገግ አሉና «እንግዲያስ የሚኒያፖሊሷ ቀይዋ ደህና ናት?» አሉኝ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ወጣቶች ሆይ፤ ወፍ ካልማረካችሁ አትክልት፣ ጥልፍ፣ የቁም ጽሕፈት ወይም የሰማይ ከዋክብት ይሁን። ከልምዳችን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ፦

በቀን ጊዜ ወስኑ፤ ለእኛ ሩብ ሰዓት ይበቃናል።

የቤታችሁን አድራሻና የቤተሰባችሁን ፎቶ ለማታውቁት አትስጡ። በወዳጅነት ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም በስውር እናውራ የሚል ቢመጣ ለወላጆቻችሁ ወይም ለቡድኑ አሳውቁ።

ጎጆ አትነካኩ፤ ለፎቶ ብላችሁም አትጠጉ፤ የደነገጠች ወፍ እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

ወላጆችም ልጃችሁ ስልክ ላይ ሲስቅ ባያችሁት ጊዜ ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በመጨረሻም፤ ነገ ማለዳ ወደ ጣራችሁ ቀና በሉ። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት አንዲት ግራጫ ርግብ ብታዩ ለአንድ ሰው ንገሩ። ቀጥሎም ድምፁ ከጠፋ የቆየ ወዳጅ ካላችሁ ደውሉለት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።