ስለ ልዩ የሥራ ወረዳዎች የሕዝብ ስብሰባ ደንብ

በካሊፎርኒያ በ2014 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣ ሕግ፥ ከተሞች ለመንገድ፥ ለውሃና ለፍሳሽ ሥራ ገንዘብ የሚያገኙበትን ልዩ ወረዳ እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ገንዘቡ የሚገኘው ወደ ፊት ከሚያድገው የቤትና የመሬት ግብር ተከፍሎ ስለ ሆነ፥ ቦርዱ ዛሬ የሚወስነው ለብዙ ዓመታት ይጸናል። ስለዚህም ቦርዱ በ1953 የወጣውን የብራውን ሕግ እንዲጠብቅ ታዟል።

በዚህ ሕግ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት፥ የልዩ ስብሰባ ከ24 ሰዓት አስቀድሞ ይለጠፋል። በአጀንዳው ባልተጻፈ ነገር፥ ከጥቂት ምክንያቶች በቀር፥ አይወሰንም። ስሙን ያላስመዘገበ አይገባም ማለትም ክልክል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሳበን የዱለታው ክልከላ ነው። ቦርዱ አምስት አባሎች ቢኖሩት፥ አንዱ ለሁለተኛው፥ ሁለተኛው ለሦስተኛው ስልክ እየደወለ በቦርዱ ጉዳይ ቢመካከሩ፥ በአንድ ክፍል ባይቀመጡም ሕግ ጥሰዋል። ነገሩ በጓዳ ካለቀ በኋላ አዳራሹን መክፈት ምን ይጠቅማል?

ይሁን እንጂ ሰዓቱ ሲቆጠር ቅዳሜና እሑድ አይቀነሱም፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ የተለጠፈ አጀንዳ ለሰኞ ማታ ይበቃል። ይህ በእኛ አስተያየት ለሠራተኛ ሰው ጠባብ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ደንቡ ሲጣስ ባለ ጉዳዩ ቦርዱ እንዲያርም በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ካላረመም ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሊሽር ይችላል። ነገር ግን ቦንድ ከመሸጥ ጋር የተያያዘ ውሳኔ በዚህ መንገድ አይሻርም፤ ቦንድ መሸጥ ደግሞ የእነዚህ ወረዳዎች ትልቁ ሥልጣን ነው።