ክኒኑን ለሚውጠው እንንገረው



ባለፈው ረመዷን በሰፈራችን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አንድ ወጣት ጠዋት ጠዋት የሚውጠውን የሚጥል በሽታ ክኒን አቆመ። «ክኒን ጾም ያፈርሳል» ሲባል ሰምቶ ነበር። እውነት ነው፣ ያፈርሳል። ሐኪም ጠይቆ ሰዓቱን ወደ መግሪብ ማዛወር እንደሚቻል ግን ማንም አልነገረውም። በሳምንቱ ጣለው። ስለ መድኃኒቱ ሁልጊዜ የሚነገራት እናቱ ነበረች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከአእምሮ ሕመም ይለያል። ከልጅነት ጀምሮ መማርንና መረዳትን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አይዘጋም። የሚጥል በሽታ ደግሞ በእነዚህ ወገኖች ላይ ከሌላው ይበዛል። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። እንቅልፍ እንቅልፍም ያሰኛል፤ ይህ ያልተነገረው ሰው «አደከመኝ» ብሎ ቢተወው አይገርምም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25 ሕክምና ታካሚው አውቆና ፈቅዶ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ለእናት ብቻ መንገር ይህን አያሟላም። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ጎንደር ድረስ የመጣ ቤተሰብ ያልገባውን ሊጠይቅ በማግስቱ አይመለስም። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የምትገኘው ጥቂት ደቂቃ ትልቅ ናት።

ታዲያ እንዴት እንንገር?

በመጀመሪያ ፊታችንን ወደ ታካሚው እናዙር። በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እንናገር። ከሰዓት ቁጥር ይልቅ የሚያውቀውን ልማድ እንጠቀም፦ «ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ»። ለምን እንደሚወስደው፣ ምን ሊሰማው እንደሚችል፣ ቢረሳ ደርቦ እንዳይውጥ እንንገረው። በመጨረሻ «ገባህ?» አንበል፤ መልሱ «አዎ» ነው። «እስኪ ቤት ስትገባ እንዴት እንደምትወስደው አሳየኝ» እንበለው። ክኒኑን በምግብ ደብቆ መስጠት ግን እምነቱን ያሳጣናል።

በምህንድስና ትምህርታችን ተጠቃሚው ደጋግሞ ከተሳሳተ መጀመሪያ የሚፈተሸው መመሪያው ነው። እዚህም እንዲሁ ነው።

ዲናችን ለበሽተኛ ጾምን አግርቷል። ስለዚህ ረመዷን ሳይገባ ሐኪምንም ዓሊምንም እንጠይቅ፤ ስንሄድም ባለጉዳዩን ይዘን እንሂድ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።